የእንግሊዝኛ መምህር ከማን ጋር ይማከር?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ማስተማር ከጀመርኩ ዘንድሮ 19 ዓመት ሞላኝ። ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ከሰሌዳ ውጪ ከጻፍኩ ራሱ ቆይቻለሁ። አሁን ብዕር ያነሳሁት የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር የሚመጣው ወሬ ስለሰለቸኝ ነው።

ወሬውን ታውቁታላችሁ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በዓመቱ 3.2 በመቶ። የ2016ቱ 5.4 በመቶ ሲሆን «ተሻሻለ» ተባለ። ከዚያ ሬዲዮኑም፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠውም፣ ጎረቤቴም የሚሉት አንድ ነው። «ልጆቹ እኮ እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ጥያቄው ራሱ አልገባቸውም።» ልክ ናቸው። 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ ባዮሎጂውንም፣ ፊዚክሱንም፣ ታሪኩንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ የጠፋበት ልጅ ሁሉም ይጠፋበታል። ቀጥሎ ግን አንድ ጥያቄ አለ። «መምህራኑስ ራሳቸው ይችላሉ?» ይህ ሲጠየቅ ሁሉም ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ።

ጥያቄው ስድብ ቢመስልም መልስ ይገባዋል። የኔ መልስ ይኸው። ቋንቋ የሚቆየው ሲነገር ነው። እኔ ደግሞ በ19 ዓመት ውስጥ እንግሊዝኛ የማወራው ከ15 ዓመት ልጆች ጋር ነው፤ እነሱም የሚመልሱልኝ «የስ ቲቸር» እያሉ ነው። ስታፍ ውስጥ በእንግሊዝኛ አፉን የከፈተ መምህር «ፈረንጅ ሆንክ እንዴ?» ይባላል። ስለዚህ ማንም አይከፍትም። ክፍሌ ገብቼ በሩን ስዘጋ ደግሞ ምን እንደማስተምር፣ የቱ ጋ እንደምሳሳት፣ የቱ ጋ እንደተሳካልኝ ከተማሪዎቼ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። አልፎ አልፎ ሱፐርቪዥን ይመጣል። ሰውየው ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፣ ዕለታዊ ዕቅድ መኖሩን ያያል፣ የሰሌዳ አጠቃቀሜን ያያል፣ ቅጹን ይሞላል፣ «ጥሩ ነው፤ የተማሪ ተሳትፎ ቢጨመርበት» ይልና ይሄዳል። 60 ልጅ ባለበት ክፍል ተሳትፎ እንዴት እንደሚጨመር ግን ነግሮኝ አያውቅም። የኬሚስትሪ ሰው ሊሆንም ይችላል።

ሥልጠና ጎድሎብን አይደለም። ይህን ማለቴ አንዳንድ ሰው ያስቆጣ ይሆናል። ሥራ ስጀምር ክፍሉ ውስጥ ፕላዝማ የምንለው የትምህርት ቴሌቪዥን ነበር። በ1997 ዓ.ም. ነው የተጀመረው። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል፤ እኛ በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠናል። መሀል ላይ ቆመን እናያለን። አስተማሪዋ «አሁን መልሱን ከጓደኛችሁ ጋር ተወያዩ» ትልና ሰዓት ትቆጥራለች፤ ልጆቹ ጥያቄውን ሳይጨርሱ ቆጠራው ያልቃል፤ እሷ «በጣም ጥሩ!» ብላ ትቀጥላለች። መብራት ሲሄድ ደግሞ ያ ክፍለ ጊዜ ሄደ ማለት ነው፤ የሳተላይት ትምህርት አንተን አይጠብቅም። ያኔ ገና 22 ዓመቴ ነበር። ሙያዬ ቴሌቪዥን ማብራትና ማጥፋት ነው ብዬ ቤት ሄጄ ለእናቴ ነግሬአታለሁ። «ታዲያ ደመወዙን ይከፍሉሃል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ፕላዝማው ቀዘቀዘ። ሲፒዲ መጣ፤ የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ። በዓመት 60 ሰዓት። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ወረቀቱን ካነበባችሁት መምህሩ ከባልደረባው ጋር ተነጋግሮ፣ ችግሩን ለይቶ፣ መፍትሔ ሞክሮ፣ መልሶ እንዲያይ ነው የሚለው። እኔ በሠራሁበት አንድ ትምህርት ቤት ግን 60ው ሰዓት የፖርትፎሊዮ ሰዓት ሆኖ ቀረ። ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው እንገለብጣለን። አንድ ዓመት የባልደረባዬን ስም ሳልቀይር አስረክቤ «በጣም ጥሩ» ተሰጥቶኛል። ማፈር የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ግን ማንም አላነበበውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ከሁለት ዓመት በፊት የ12ኛ ክፍል ፈተና ልንፈትን ወደ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተላክን። ማታ ማታ አንድ ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነን እናድራለን። ሦስታችን ከአዳማ ነን፤ ሦስታችንም የእንግሊዝኛ መምህራን። የምናስተምርባቸው ትምህርት ቤቶች በባጃጅ 10 ደቂቃ አይራራቁም። ተዋውቀን ግን አናውቅም ነበር። መብራት ጠፋና ጨለማ ውስጥ ተኝተን ወሬ ጀመርን። ደመወዝ አማን፣ ዝውውር አማን። ሲያልቅብን አንዱ «ስለ ስትረስ እንዴት ነው የምታስተምሩት?» አለ። የቃላት ስትረስ ማለቱ ነው፤ የትኛው የቃሉ ክፍል ከበድ ተደርጎ እንደሚነበብ። እኔ አልፈዋለሁ አልኩ። ሁለተኛውም አልፈዋለሁ አለ። ፈተና ላይ ቢመጣም አንድ ጥያቄ ነው።

እሱ እንዴት እንደሚያስተምር ነገረን። ክፍል ገብቶ ሰሌዳው ላይ በአማርኛ «አለ» ብሎ ይጽፋል። «አንብቡ» ይላል። ግማሹ አላልቶ ያነባል፣ ግማሹ አጥብቆ። «የቱ ነው ልክ?» ልጆቹ ይጨቃጨቃሉ። አላልተህ ካነበብከው ተናገረ ማለት ነው፤ አጥብቀህ ካነበብከው ኖረ፣ አልጠፋም ማለት ነው። ከዚያ «ገና» ይጽፋል። ሲላላ እስካሁን አልደረሰም፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ልጆቹ ሲስቁ «ፕረዘንት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከሥሩ ይጽፋል። መጀመሪያው ላይ ከተጫንከው ስጦታ ነው፤ መጨረሻው ላይ ከተጫንከው ማቅረብ ነው። ፊደሉ ያው ነው። እርግጥ የኛ መጥበቅና የእነሱ ጫና አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። እኛ ተነባቢውን እናጠብቃለን፤ እነሱ የቃሉን አንድ ክፍል በሙሉ ከፍ ያደርጉታል። ግን ልጁ «ፊደሉ ሳይቀየር አነባበቡ ሲቀየር ትርጉሙ ይቀየራል» የሚለውን ነገር ከእናቱ ቤት ይዞት መጥቷል። ከዜሮ አይጀምርም።

ያን ጊዜ 17 ዓመት አስተምሬ ነበር። ይህን የመሰለ ቀላል ነገር አስቤው አላውቅም። ጨለማ ስለነበር ፊቴ አልታየም።

ከፈተናው ስንመለስ ቅዳሜ ጠዋት መገናኘት ጀመርን። አንዲት እናት ጀበና ቡና የሚሸጡበት ጥላ ሥር፣ በርጩማ ላይ። ሦስት ነበርን፤ አሁን ዘጠኝ ነን። ስም የለንም፣ ማኅተም የለንም። አንድ ሕግ ብቻ አለን። ስለ ደመወዝ ማማረር የሚፈቀደው ከ4 ሰዓት በኋላ ነው። ከ2 ተኩል እስከ 4 የሚወራው ስለ ክፍል ነው። ቴሌግራም ላይማ ግሩፕ ሞልቷል፤ የፈተና ፒዲኤፍና «እንኳን አደረሳችሁ» ነው የሚለጠፍበት። ቁጭ ብሎ የሰው ዓይን እያዩ «ትናንት አራተኛው ፔሬድ ላይ ከሸፈብኝ» ማለት ሌላ ነገር ነው።

እዚያ በርጩማ ላይ ካወቅኩት ሁሉ የደነቀኝን ልንገራችሁ። አዳማ ውስጥ አንደኛ ደረጃን በአማርኛ የተማረ ልጅና በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ 9ኛ ክፍል ላይ አንድ ወንበር ይጋራሉ። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ይጻፋል። እኔ ሁልጊዜ «በቁቤ የተማሩት ፊደሉን ስለሚያውቁት እንግሊዝኛ ይቀላቸዋል» ብዬ ነበር የማስበው። ግማሹ እውነት ነው፤ እጃቸው ፈጣን ነው። አንዱ ባልደረባችን ግን መጀመሪያ ገጠር ትንንሽ ልጆች ያስተምር ነበርና ሳቀብኝ። እንግሊዝኛው «ሲ» የሚላት ፊደል በቁቤ «ጭ» ናት። «ኤክስ» ደግሞ «ጥ» ናት። ልጁን ድመት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አንብብ ቢለው «ጨት» ብሎ አነበበለት። ልክ ነው እኮ! በሚያውቀው ሕግ አንድም ስህተት የለበትም። በዚያ ላይ ቁቤ የተጻፈውን ሁሉ ነው የሚያነበው፤ ጸጥ ብሎ የሚቀመጥ ፊደል የለውም። ስለዚህ ልጁ እንግሊዝኛ ላይ የማይነበብ ፊደል ሲያይ ይናደዳል። «ታዲያ ለምን ጻፉት?» ይላል። እኔ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱን ልጅ ለስንት ዓመት ቃላት መሀል ፊደል ሲጥል እያየሁ «ግድየለሽ» ብዬ ቀይ እስክሪብቶ ጎትቼበታለሁ። ግድየለሹ እኔ ነበርኩ።

ከአማርኛ የሚመጣው ስህተት ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ቅዳሜ ሁላችንም ከተማሪ ደብተር ስህተት ለቅመን መጣን። ደጋግሞ የመጣው ምን መሰላችሁ? የራበኝ፣ የጠማኝ፣ የደከመኝ ነገር። በአማርኛ ረሃቡ ነው እኔን የሚያገኘኝ። ራበ-ኝ። እኔ የድርጊቱ ባለቤት አይደለሁም፤ የደረሰብኝ ሰው ነኝ። እንግሊዝኛው ግን ባለቤት ካላደረገህ አይለቅህም፤ «እኔ ረሃብተኛ ነኝ» ዓይነት ነገር በል ይልሃል። ልጁ የሚጽፈው የእንግሊዝኛውን «ረሃብተኛ» አስቀድሞ «እኔን» ማስከተል ነው። ይህን ካወቅን በኋላ ስህተቱን መዝለፍ ትተን ሁለቱን ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን ጽፈን «ምን ተለየ?» ማለት ጀመርን። የኔ ክፍል ውስጥ ስህተቱ ጨርሶ ጠፋ አልላችሁም። ግን ቢያንስ አሁን ልጆቹ ሲሳሳቱ ራሳቸው ይስቃሉ፤ እርስ በርስ ይተራረማሉ።

ማዳመጥስ? መጽሐፉ ውስጥ በየምዕራፉ የማዳመጥ ትምህርት አለ። የሚደመጠው ጽሑፍ ያለው የመምህሩ መምሪያ ላይ ነው። ካሴት የለም። ስለዚህ እኔ አነብላቸዋለሁ፤ ወይም እዘለዋለሁ። ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ነው፤ አያዳምጡም፣ አይናገሩም፣ አንድ አንቀጽ እንኳ አይጽፉም። ታዲያ ማን ይለፋል? ከኛ መሀል አንዲት መምህርት ሐሳብ አመጣች። ዘጠኛችን ጽሑፎቹን ተከፋፍለን በስልካችን እናንብብና እንቅዳ፣ ከዚያ እንቀያየር። ተማሪዬ የኔን ድምፅ ስለለመደው አፌን አይቶ ነው የሚገምተው፤ የማያውቀውን ሰው ድምፅ ሲሰማ ግን ጆሮው ይሠራል። በትንሽ ብሉቱዝ ስፒከር እንከፍተዋለን፤ ቻርጅ ከተደረገ መብራት ቢሄድም ይሠራል። የመጀመሪያው ቅጂ ላይ የዶሮ ድምፅ አለ፤ የኔ ነው። ልጆቹ ከምንባቡ ይልቅ ስለ ዶሮው ነው የጠየቁኝ።

ሥነ ጽሑፍን ሳልጠቅስ አላልፍም። ዲግሪያችን ላይ «የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ» ይላል። ዩኒቨርሲቲ እያለን ግጥም ተንትነናል፣ ተውኔት አንብበናል፣ ስለ ልቦለድ ገጸ ባሕርያት ሌሊት ተጨቃጭቀናል። ሥራ ስንይዝ ቴንስ ብቻ ቀረን። መጽሐፉ ላይ ግጥም ይመጣል፤ መምህሩ «ይህቺን ቤታችሁ አንብቧት» ብሎ ወደ ሰዋስው ያልፋል። እኔም አድርጌዋለሁ። ያቺ መምህርት ግን ምን አደረገች? ልጆቹን ከአያቶቻቸው ወይም ከሰፈር እናቶች አንድ የቃል ግጥም ይዘው እንዲመጡ አዘዘች፤ የሠርግ ይሁን፣ የለቅሶ ይሁን፣ በአማርኛ ይሁን፣ በኦሮምኛ። ከዚያ ሁለት ስንኝ ወደ እንግሊዝኛ መልሱ አለቻቸው። አንዱ ልጅ «ሆዴ» የሚል ቃል ያለበት ግጥም አመጣ። «ስቶማክ» ብሎ ተረጎመው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ተነስታ «አይ፣ ሀርት ነው መባል ያለበት» አለች። ሌላው «ሀርትማ ልብ ነው፤ ልብና ሆድ አንድ አይደለም፤ ሆድ ይብሳል እንጂ ልብ አይብስም» አለ። አንድ የኦሮምኛ ተናጋሪ ልጅ «እኛም ጋ ገራ ነው የምንለው፤ ሆድ ማለት ነው፤ ሩኅሩኅ ሰው ሆዱ ለስላሳ ነው እንላለን» አለ። 40 ደቂቃ ሙሉ በአንድ ቃል ተከራከሩ፤ የቻለው በእንግሊዝኛ፣ ያልቻለው እየቀላቀለ። አልተስማሙም። እሷ ይህን ስትነግረን ቡናው ቀዝቅዞ ነበር። ሱፐርቪዥን ያን ቀን ቢመጣ «የክፍል አያያዝ ደካማ» ብሎ ይጽፍባት ነበር ብዬ አስባለሁ።

እንዲህ ዓይነት ስብስብ እኛ የፈጠርነው አይደለም። የአሜሪካኖቹ የእንግሊዝኛ መምህራን ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1911 ቺካጎ ላይ ሲቋቋም መነሻው ምን እንደነበር ሳነብ ገርሞኛል። ኮሌጆች ለመግቢያ ፈተና የሚሆን የመጻሕፍት ዝርዝር አውጥተው ነበር። ሁለተኛ ደረጃው የራሱን ተማሪ ዓይቶ ማስተማሩን ትቶ ያንን ዝርዝር ሲያሯሩጥ ይውላል። መምህራኑ «ክፍላችንን ፈተናው ነው ወይ የሚመራው?» ብለው ተሰባሰቡ። ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጥያቄው የኛ ስታፍ ውስጥ ትናንት የተጠየቀ ነው የሚመስለው። እንግሊዞቹ የራሳቸውን እ.ኤ.አ. በ1963 መሠረቱ፤ በሦስተኛው ዓመት ከአሜሪካኖቹ ጋር አሜሪካ ውስጥ ዳርትማውዝ ኮሌጅ ተገናኝተው ለሳምንታት «እንግሊዝኛ የሚባለው ትምህርት በመሠረቱ ምንድን ነው?» ሲሉ ተከራከሩ። አፍ የፈቱበት ቋንቋ ነው እኮ! እኛ ሁለተኛና ሦስተኛ ቋንቋ አድርገን የምናስተምረው አንድ ከሰዓት እንኳ አልተሰጠንም።

የሩቁን ትተን የአፍሪካውን እንይ። ካሜሩን የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ መምህራን ማኅበር አላት። እ.ኤ.አ. በ2013 ጉባኤያቸው ላይ ተሳታፊዎቹ እያንዳንዳቸው ከክፍላቸው የሚያሳስባቸውን አንድ ጥያቄ በወረቀት ጽፈው እንዲሰጡ ተደረገ። ምርምሩ ከዚያ ጥያቄ ተነሳ። ከመምህሩ ነው የጀመረው፤ ከፕሮፌሰሩ አይደለም። ከዚያው ማኅበር የወጣው ሃሪ ኩቻህ በአንድ ወቅት ከ200 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል፣ በዚያ ሙቀት፣ ያስተማረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መሠረቱ እንግሊዝ አገር የሆነው የዓለም አቀፉ የእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። 60 ልጅ በዛብኝ ብዬ የማማርረው ሰው ይህን ሳነብ ትንሽ አፈርኩ። ትንሽ።

እኛ ጋ ደግሞ ተመራማሪው ከዩኒቨርሲቲ መጠይቅ ይዞ ይመጣል። ስምንት ገጽ ነው። «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም።» ሞልተን እንሰጠዋለን። ማስተርሱን ይይዛል፤ ደስ ይለናል። ግን ተመልሶ መጥቶ «ከናንተ ክፍል ያገኘሁት ይህ ነው» ያለኝ አንድም ሰው የለም። 19 ዓመት ሙሉ መጠይቅ ሞልቻለሁ።

«ማኅበር አለን እኮ» የሚለኝ ሰው ይኖራል። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ስለ ደመወዝና ስለ መብት የሚጮህልን እሱ ነው፤ ይጩህልን። እኔ የማወራው ሌላ ነው። ስለ «ሲ» እና ስለ «ጭ» የሚያወራ ነገር ነው የምፈልገው። ትልቅ አገር አቀፍ ነገር ከላይ ይቋቋም ማለቴም አይደለም። እኛ አገር ሦስት ሰው ከተሰበሰበ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ነው። አራተኛው ሲመጣ ኦዲተር ይሆናል። ከዚያ የምሥረታ በዓል፣ ባነር፣ ቲሸርት። ቀጥሎ ዝም። ይልቅ እንደ ጽዋ ማኅበር ቢሆን ይሻላል። ጽዋ በየወሩ ቤት እየቀየረ ይዞራል፤ ተረኛው ያለውን ያቀርባል፤ ንፍሮ ካለው ንፍሮ። የእንግሊዝኛ መምህርም ተራው ሲደርስ አንድ ትምህርት ያቅርብ። የከሸፈበትም ይሁን።

የአበሉን ነገር ግን ሳላነሳ ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። እኔ አበል አልፈልግም ባይ ነኝ፤ አበል የመጣ ቀን ስም ዝርዝርና ፊርማ ይመጣል፣ ቅዳሜያችን ይሞታል ብዬ እፈራለሁ። ከመሀላችን አንዱ አይስማማም። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ልጅ ቤት ለቤት ያስጠና ነበር፤ እኛ ጋ ለመምጣት አንዱን ትቷል። «አንተ ልጅ የለህም፤ ለኔ ያቺ ብር የዘይት ናት» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ያቺ የድምፅ ቅጂውን ሐሳብ ያመጣችው መምህርት ደግሞ ሁልጊዜ አርፍዳ ነው የምትመጣው፤ ገበያ ደርሳ፣ ልጆቿን ቁርስ አብልታ። ወንዶቹ ከአልጋ ተነስተን ቀጥታ እንመጣለን። ይህም መባል አለበት።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። እነዚህ ቅዳሜዎች ከ60ው የሲፒዲ ሰዓት ይቆጠሩልን። ፖርትፎሊዮ አትጠይቁን፤ ማየት የፈለገ መጥቶ በርጩማ ስቦ ይቀመጥ። ክረምት ሲገባና ዝናብ ሲሆን ጥላው አይበቃንምና አንድ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ይክፈትልን፤ ቅዳሜ ባዶ ነው የሚውለው። የዩኒቨርሲቲ ሰዎችም ይምጡ፤ መጠይቁን ቤት ትተው። ሥነ ጽሑፍ ያስተማሩን እነሱ ናቸው። ለ15 ዓመት ልጅ፣ መጽሐፍ ለሦስት ለሚጋራበት ክፍል፣ ግጥም እንዴት እንደሚሰጥ ከኛ ጋር ይሞክሩት። እነሱም የማያውቁት ነገር ነው።

ለእናንተም አንድ አለኝ። ውጤት ሲወጣ ባለሥልጣን ትጠይቃላችሁ፣ ወላጅ ትጠይቃላችሁ፣ አንደኛ የወጣውን ልጅ ፎቶ ታወጣላችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ የእንግሊዝኛ መምህርም ጠይቁ። «ዘንድሮ ክፍልህ ውስጥ ምን ሞከርክ?» በሉት። መልሱ ሁለት መስመር ብቻ ቢሆን እንኳ አውጡት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተረኛው እኔ ነኝ። ስለ አንቀጽ አጻጻፍ ነው የማቀርበው፤ ሦስት ሳምንት ሞክሬው ልጆቹ አሁንም ሁሉንም ዓረፍተ ነገር በ«ሶ»፣ ማለትም በ«ስለዚህ»፣ ይጀምራሉ። መላ ያለው ሰው ቢመጣ ቡናው በኔ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንግሊዝኛ መምህር
አዳማ